ከከረጢቱ የወጣው አየር ወይስ ከደጅ የገባው? በኦክስጅን መለኪያ ናሙና አየር ስንወስድ ማድረግ ያለብን ጥንቃቄ



ማሽላዎን አየር በማያስገባ ከረጢት (ፒክስ) ካስቀመጡ በኋላ ከረጢቱን ሳይከፍቱ የነቀዙን ሁኔታ ለማወቅ አንዱ መንገድ በውስጡ የቀረውን ኦክስጅን በመለኪያ ማየት ነው። መለኪያውን ማብራት ቀላል ነው። ከባዱ ወደ መለኪያው የሚገባው አየር በእርግጥ የከረጢቱ አየር መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

በራሴ ስህተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ የሠርቶ ማሳያ ላይ ነበርን። አንድ አርሶ አደር ማሽላቸውን አበጥረውና አድርቀው በፒክስ ካሰሩት አምስት ሳምንት አልፎታል። ስለካው መለኪያው 17 ከመቶ አሳየ። «ከረጢቱ አየር ያስገባል» ብዬ አስከፈትኳቸው። ሲከፈት ነቀዙ ሞቶ ተገኘ፤ ላስቲኩም አልተቀደደም። ችግሩ ከእኔ ዕቃ ነበር፤ መርፌውና ቱቦው የሚጋጠሙበት ቦታ ላልቶ የደጁን አየር ይስብ ነበር። ነገሩን ብናገርም አርሶ አደሩ እምነት አጡ። የቀሩትን ከረጢቶች «ሳይበላሽ ይሸጥ» ብለው በጥር ዋጋ ሸጡ። ክረምት ሲገባ ለቤታቸው ማሽላ ከገበያ ገዙ። የላላ መጋጠሚያ ያደረሰው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

1. በከረጢቱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ፒክስ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በካሜሩን ለላም አተር ማከማቻ ተብሎ የተጀመረ አሠራር ነው። ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶችና በውጭ የሚለብስ አንድ ጆንያ አሉት። የተለመደው መጠን አንድ ኩንታል ይይዛል።

ንጹህ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 20.9 ከመቶ ነው። ከረጢቱ በደንብ ከታሰረ በውስጡ የቀረው ነቀዝ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል። ኦክስጅኑ ወደ 5 ከመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ነቀዙ መብላት ያቆማል። ከምግቡ የሚያገኘው እርጥበትም ስለሚቀርበት ቀስ በቀስ ይሞታል። ነቀዝ የበዛበት እህል ኦክስጅኑን በጥቂት ቀናት ሊያወርደው ይችላል። ነቀዝ ያነሰበት እህል ብዙ ሳምንት ይፈጅበታል። ይህን ልዩነት ያስታውሱ፤ ውጤቱን ስናነብ እንመለስበታለን።

2. መለኪያው የሚናገረው ስለደረሰው አየር ብቻ ነው

መለኪያው ከረጢቱን አያይም። የሚያየው በቱቦው በኩል ሴንሰሩ ጋ የደረሰውን አየር ነው። መንገድ ላይ የደጅ አየር ከተቀላቀለ ድብልቁን ይለካል፤ ቁጥሩም ወደ 20.9 ይሳባል።

በምሳሌ እንየው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 4 ከመቶ ነው እንበል። ከሚሳበው አየር አምስት እጁ አንዱ በላላ መጋጠሚያ የገባ የደጅ አየር ከሆነ፣ መለኪያው ከ7 በላይ ያሳያል። ግማሹ የደጅ አየር ከሆነ ደግሞ ከ12 በላይ ያሳያል። ከረጢቱ አልተለወጠም፤ ወሬው ብቻ ተለወጠ።

ስለዚህ መለኪያ «ከረጢቱ ያፈሳል» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የሚያፈሰው ከረጢቱ ነው ወይስ የእኔ ቱቦ?» የሚለው ነው።

3. ከመለካት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሀ. መለኪያውን እዚያው በሚለኩበት ቦታ ያስተካክሉ። ከደጅ፣ ከጭስ፣ ከሞተርና ከሰው ትንፋሽ ርቀው በጥላ ሥር ያብሩት። ለጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና 20.9 ላይ ያስተካክሉት። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ማስተካከል ስህተት ነው።

ይህ በተለይ ለእኛ አካባቢ ወሳኝ ነው። ብዙ መለኪያዎች በውስጣቸው የሚሰማቸው የኦክስጅኑን ግፊት ስለሆነ ከፍታ ሲለወጥ ቁጥራቸው ይለወጣል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የሳንጃና የመተማ ቆላ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው። በ1,000 ሜትር ልዩነት የአየር ግፊት ከ10 እስከ 12 ከመቶ ያህል ይለወጣል። ጎንደር ላይ 20.9 ተብሎ የተስተካከለ መለኪያ 1,000 ሜትር ወርዶ ሲበራ በንጹህ አየር ውስጥ ወደ 23 ሊያሳይ ይችላል። የአየሩ ድርሻ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ግፊትን በራሱ የሚያካክስ መለኪያ ይህ ችግር የለበትም፤ የእርስዎ ቡድን መለኪያ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው ያረጋግጡ። ካልታወቀ ሁልጊዜ በቦታው ያስተካክሉ።

ለ. በትንፋሽ ይፈትኑት። በትንሽ ፌስታል ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ይንፉና የቱቦውን ጫፍ አስገብተው አፉን በእጅ ይያዙት። ሰው የሚያወጣው ትንፋሽ በግምት 16 ወይም 17 ከመቶ ኦክስጅን አለው። መለኪያው 20 ላይ ከቆመ ወይ ቱቦው ያፈሳል፣ ወይ ሴንሰሩ ደክሟል። ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ፈተናውን አያስረዝሙት፤ ሲጨርሱ ንጹህ አየር ያስገቡበት።

ሐ. ቱቦውን በጣት ይዝጉት። ፓምፕ ያለው መለኪያ ሲሆን የቱቦውን ጫፍ በጣትዎ ይድፈኑ። መጋጠሚያዎቹ ጥብቅ ከሆኑ የፓምፑ ድምፅ ይለወጣል፣ ይጨነቃል፣ ወይም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ከቀጠለ አየር በሌላ ቦታ እየገባ ነው። ከመርፌው ጀምረው እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያጥብቁና ደግመው ይፈትኑ። በዚያ የሠርቶ ማሳያ ቀን እኔ ያልሠራሁት ይህን የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

መ. ቱቦውን ይመርምሩ። አጭር፣ ቀጭንና ጠንከር ያለ የላስቲክ ቱቦ ይምረጡ። ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ ኦክስጅን በግድግዳው ያሳልፋል። ያረጀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ የሰፋ ቱቦ ቆርጠው ያድሱት እንጂ በፕላስተር አይጠግኑት።

4. ናሙና አየር አወሳሰድ፣ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ሁሉንም ከረጢት አይብሱ። በመርፌ የተበሳ ላስቲክ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሆነ ማለት ነው። በአንድ ቀን ከታሰሩት ከረጢቶች መካከል አንዱን «የመለኪያ ከረጢት» ብለው ይለዩ።

ሁለተኛ፣ የመለኪያውን ከረጢት ሲያስሩ የናሙና ቱቦ አብረው ይሰሩ። የቱቦውን አንድ ጫፍ በስስ ጨርቅ ጠቅልለው እህሉ መካከል ያድርሱት፤ ጨርቁ እህልና አቧራ እንዳይገባ ያደርጋል። ሌላው ጫፍ በአንገቱ በኩል ይውጣ። ትርፍ አየሩን በእጅ ተጭነው ያስወጡ። የውስጠኛውን ላስቲክ አንገት በቱቦው ዙሪያ ጠምዝዘው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ማሰሪያ አጥብቀው ይሰሩ። ሁለተኛውንም ላስቲክ ለብቻው እንዲሁ ያድርጉ፤ በመጨረሻ ጆንያውን ይሰሩ። የወጣውን የቱቦ ጫፍ አጥፈው በመቆንጠጫ ይዝጉት።

የናሙና ቱቦ ሳይኖር መብሳት የግድ ከሆነ ጆንያውን ገለጥ አድርገው በላስቲኩ ላይ የብስክሌት ጎማ መለጠፊያ ይለጥፉ። መርፌውን በመለጠፊያው መሃል ያሳልፉ፤ ሲያወጡም ወዲያውኑ በላዩ ሌላ መለጠፊያ ይድገሙበት።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ያገናኙ፣ ቀጥሎ ይክፈቱ። መለኪያውን ከናሙና ቱቦው ጋር አጥብቀው ካገናኙ በኋላ ነው መቆንጠጫው የሚለቀቀው። ቀድሞ ከተከፈተ የደጅ አየር ወደ ከረጢቱ ይገባል።

አራተኛ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር አይመኑ። ቱቦው ውስጥ ያለው የቆየ አየር መውጣት አለበት። ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 12 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል አየር ይይዛል። ናሙና የሚወስዱት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከሆነ የመጀመሪያው ስበት በሙሉ የቱቦው አየር ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስበው ከደፉ በኋላ ሦስተኛውን ይለኩ። ሲሪንጁን በሚነቅሉበት ጊዜ ሁሉ ቱቦውን ቆንጥጠው ይያዙ። በፓምፕ ከሆነ ቁጥሩ መውረዱን አቁሞ ለግማሽ ደቂቃ እስኪረጋ ይጠብቁ።

አምስተኛ፣ ከመጠን በላይም አይሳቡ። በአንድ ኩንታል ማሽላ ፍሬዎች መካከል ያለው አየር 50 ሊትር ያህል ነው። ፓምፑ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢስብ የአንድ ደቂቃ ናሙና ከመቶ አንድ እጅ ነው፤ ይህ አይጎዳም። ረስተውት ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ግን የከረጢቱን አየር ሲያሟጥጥ በትንሿ ቀዳዳ ሁሉ የደጅ አየር ይጎትታል።

ስድስተኛ፣ ቱቦውን በመቆንጠጫ ከዘጉ በኋላ ብቻ መለኪያውን ይንቀሉ። ወደ ሌላ ከረጢት ከመሄድዎ በፊት መለኪያው በንጹህ አየር ወደ 20.9 መመለሱን ይመልከቱ። ካልተመለሰ ቀጣዩ ውጤት አይታመንም።

ሰባተኛ፣ ወዲያው ይመዝግቡ። ቀን፣ ሰዓት፣ የከረጢቱ ቁጥር፣ የታሰረበት ቀንና ውጤቱ በአንድ ደብተር ይስፈሩ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለትና ሦስት ቁጥር ሲደረደር ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

5. ሙቀት፣ እርጥበትና አቧራ

በቆላችን ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት መለኪያውን ያሳስተዋል። በመኪና ውስጥ ወይም በሞተር ሳይክል ኮርቻ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መለኪያ ወዲያው አይለካም። በጥላ ሥር ያቀዝቅዙት፤ ከዚያ ያስተካክሉት።

ጠዋት በማለዳ ሲለካ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እህሉ የሞቀ፣ ቱቦው የቀዘቀዘ ከሆነ ከእህሉ የሚወጣው እርጥበት በቱቦው ውስጥ ጤዛ ይሆናል። የውሃ ጠብታ ሴንሰሩ ላይ ከደረሰ ቁጥሩ ይዘገያል ወይም ይዘባርቃል። በቱቦው ውስጥ ጠብታ ካዩ ያቁሙ፤ ቱቦውን ነቅለው ያድርቁ።

ጤዛ መብዛቱ ስለ እህሉም ይናገራል። ለማከማቻ የሚገባ ማሽላ እርጥበቱ ከ13 ከመቶ መብለጥ የለበትም። እርጥብ እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ሲታሰር ነቀዙ ቢሞትም ሻጋታና መቡካት ሊያበላሹት ይችላሉ። መለኪያ ከሌለ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው አድርገው ይነቅንቁ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም።

የማሽላ አቧራ ማጣሪያውን ይደፍናል። የተደፈነ ማጣሪያ ፓምፑን ያደክማል፤ የላላ መጋጠሚያ ካለም የደጅ አየር በዚያ በኩል ይበልጥ እንዲሳብ ያደርጋል። ማጣሪያውን በየጊዜው ይቀይሩ። ሴንሰሩም ባይሠራበትም ያረጃል፤ የማብቂያ ቀኑን ከመመሪያው ያንብቡና በመለኪያው ጀርባ ላይ ይጻፉት።

6. ውጤቱን እንዴት እናንብበው?

• ከ5 ከመቶ በታች፦ ከረጢቱ ሥራውን እየሠራ ነው። አይክፈቱት።
• ከ5 እስከ 10፦ ኦክስጅኑ እየወረደ ከሆነ ይጠብቁ፤ ከሳምንት በኋላ ደግመው ይለኩ።
• ከ10 በላይ ሆኖ በየሳምንቱ የሚወርድ፦ ነቀዙ ጥቂት ነው። ጊዜ ይስጡት።
• ለሦስት ሳምንት 20 አካባቢ የቆመ፦ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ አየር ይገባል፣ ወይ እህሉ ደረቅና ነቀዝ የሌለበት ስለሆነ ኦክስጅኑን የሚጨርስ የለም። ሁለተኛው መልካም ዜና ነው። ለመለየት የጣቱን ፈተና ይድገሙ፣ የአንገቱን እስር ይመርምሩ፣ ከረጢቱን ጫን ብለው አየር የሚያወጣ ድምፅ ያዳምጡ፣ የአይጥ ቀዳዳ ይፈልጉ።
• ወርዶ የነበረ በጥቂት ቀን የተመለሰ፦ ቀዳዳ ተከፍቷል። በብዙ ወራት ቀስ ብሎ የጨመረ ግን የሚያሰጋ አይደለም፤ ነቀዙ ካለቀ በኋላ ላስቲኩ ራሱ ጥቂት አየር ያሳልፋል።
• ከ20.9 በላይ ወይም ከዜሮ በታች፦ የመለኪያ ስህተት ነው። ወደ ክፍል 3 ይመለሱ።

በከረጢት ውስጥ የነቀዝ ክኒን ተጨምሮ ከሆነ ናሙና አይውሰዱ። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ የኦክስጅን መለኪያም አያሳየውም። ፒክስ በትክክል ከታሰረ ክኒን አያስፈልገውም።

7. ይህንኑ መለኪያ ወደ ጉድጓድ ለሚወስዱ

በበጋ ውሃ ሲሸሽ ጥልቀቱን ለመጨመር ወደ ጉድጓድ የሚወርዱ ሰዎች «ያንን መለኪያ አውሰን» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከላይ ያየነው ስህተት እዚህ ሲደገም የሚጠፋው እህል ሳይሆን ሰው ነው።

አስቡት። በጉድጓዱ ግርጌ ያለው ኦክስጅን 15 ከመቶ ነው። ቱቦው በላላ መጋጠሚያ ከአምስት እጅ አራቱን ከላይ የሚስብ ከሆነ መለኪያው 19.7 ያሳያል። በብዙ አገሮች የሥራ ደኅንነት ደንብ ሰው እንዳይገባ የሚከለከለው ከ19.5 በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ የላላው ቱቦ «ግባ» አለ ማለት ነው። በከረጢት ላይ የሚያፈስ ቱቦ ደህናውን መጥፎ ያስመስላል፤ በጉድጓድ ላይ መጥፎውን ደህና ያስመስላል።

ስለዚህ፦

• የጣቱን ፈተና ሳያደርጉ ቱቦ አያውርዱ።
• ከአፉ፣ ከመሃሉና ከግርጌው ለየብቻ ይለኩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ አፉ ላይ 20.9 ማግኘት ስለ ግርጌው ምንም አይናገርም።
• ቱቦው ሲረዝም ጊዜ ይጨምሩ። የ10 ሜትር ቱቦ 125 ሚሊ ሊትር ያህል የቆየ አየር ይይዛል። በእያንዳንዱ ጥልቀት ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ጫፉ ውሃ እንዳይነካ ከውሃው በላይ ያንጠልጥሉት።
• ኦክስጅን በቂ መሆኑ ብቻውን ደኅንነት አይደለም። ወደ ጉድጓድ የወረደ የቤንዚን ሞተር የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ መለኪያ አይታይም። ሞተር ከጉድጓድ ውስጥ አይነሣ።
• ኩራዝ ማውረድ መለኪያን አይተካም። ከጠፋ አደጋ አለ፤ መብራቱን ቢቀጥልም «ደህና ነው» ማለት አይደለም።
• ሰው ታች ቢወድቅ ተከትለው አይግቡ። ለማውጣት የገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አብረው ይሞታሉ። የሚወርድ ሰው ከመጀመሪያው በገመድ ይታሰር፤ ከላይ የሚጎትቱ ሰዎች ይኑሩ።

8. ማጠቃለያ

በኅዳርና በታኅሣሥ ያጨዱት ማሽላ እስከ ክረምት ቤትዎን መመገብ አለበት። ከረጢቱ ይህን እንዲያደርግ ያለ በቂ ምክንያት መከፈት የለበትም። በቂ ምክንያት ደግሞ የሚገኘው ከታመነ ናሙና ነው። በቦታው ያስተካክሉ፣ በትንፋሽ ይፈትኑ፣ በጣት ይዝጉ፣ እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ይመዝግቡ። አጠራጣሪ ቁጥር ሲያዩ ከረጢቱን ከመክፈትዎ በፊት ቱቦዎን ይመርምሩ።

በልማት ቡድንዎ የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. መለኪያው ከጎንደር መጥቶ ሳንጃ ላይ ሲበራ 22.8 ቢያሳይ ምን ያደርጋሉ?
2. ጎረቤትዎ «ሦስት ሳምንት ሆኖት 20 ላይ ቆሟል፣ ልክፈተው?» ቢልዎት ከመክፈቱ በፊት ምን ምን እንዲያይ ይነግሩታል?
3. የሚያፈስ ቱቦ ከረጢት ላይና ጉድጓድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በምን ይለያል?
4. በቡድናችሁ መለኪያውን የሚይዝ፣ ማጣሪያውን የሚቀይርና ደብተሩን የሚጽፍ ማን ይሁን?